ዓሣና ሕፃን በአንድ ቤት

በቤት የሚያድገውን ወርቅማ ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጥጋብ ነው። ሕፃን ልጅ ዓሣው አፉን በከፈተ ቍጥር የራበው ይመስለውና ምግቡን እየዘገነ ይጨምርለታል። የተረፈው ምግብ ከገንዳው ሥር ይበሰብሳል፤ ከብስባሹና ከዓሣው ኩስም አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ በዓይን አይታይም፤ ውሃው ጠርቶ ሳለ ዓሣው ይታመማል።

አሞኒያን ጕዳቱ ወደ ቀለለ ነገር የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ነገር ግን በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪራቡ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ «ቈሸሸ» ብሎ ውሃውን ሁሉ ደፍቶ ገንዳውን በሳሙና ቢፈትገው እነዚህን ረዳቶች ያጠፋል፤ የሳሙናው ርዝራዥም ዓሣውን ይጐዳል። በሳምንት አንድ አራተኛውን መለወጥ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት እንዲተን አስቀድሞ በሰፊ ዕቃ ለአንድ ቀንና ሌሊት ገልጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለልጁም ቢሆን ያሰጋል። 40 ሊትር ውሃ ብቻውን 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠረጴዛ ይዞ መቆም የጀመረ ሕፃን ባለበት ቤት ገንዳው በማይነቃነቅ መቀመጫ ላይ ይሁን። ውሃው ሳልሞኔላ ሊኖረው ስለሚችል፥ የነካ እጅ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ። የምግቡ ቆርቆሮ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ፤ ለትንሹ ልጅ ዓሣው በ2 ደቂቃ የሚጨርሰውን ብቻ በመዳፉ ስጡት፤ እርሱ ይመግበው።