የቧንቧ ውኃ ጠፍቶ በሚመለስበት ቀን

በሰቆጣም ሆነ በሌሎች የደጋ ከተሞቻችን የሚኖር ሰው፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ጥቂት ቈይቶ የቧንቧው ውኃም እንደሚከተለው ያውቃል። ውኃ ከጕድጓድ በሞተር ተስቦ ከፍ ባለ ስፍራ ወዳለ ማጠራቀሚያ የሚወጣ በሆነ ጊዜ፣ ሞተሩ ሲቆም ማጠራቀሚያው ይጎድላል፤ ከሁሉም አስቀድሞ በኮረብታ ላይ ያሉት ቤቶች ይደርቃሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ይህን ችግር በቀን ሳይሆን በወራት ቈጥሮ አይቶታል።

ስለ ውኃ መጥፋት ብዙ ይነገራል። ስለ ውኃ መመለስ ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ እንደ ጤና ባለሙያ የሚያሳስበኝም ይህ ሁለተኛው ነው።

ቧንቧ ውኃ በሞላበት ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። በመገጣጠሚያው ላይ ስንጥቅ ቢኖር ውኃው ይፈሳል እንጂ ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። ውኃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይጠፋል፤ እንዲያውም በዳገት ላይ ያለው መስመር ወደ ታች ሲራቆት እንደሚጠባ አፍ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በአካባቢው መሬት ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የመጸዳጃ ጕድጓድ ርጥበትም ሆነ የቦይ እድፍ፣ በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ተነሥቶ ውኃው ሲመለስ የሰበሰበውን ሁሉ ይዞ ወደ ማሰሮአችን ይመጣል። የቧንቧ ውኃ ነው ማለት በዚያ ቀን ማስረጃ አይሆንም።

ይህ በድኻ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ በክሮይደን ከተማ፣ ሠራተኞች የአንዱን የውኃ ጕድጓድ ጥገና ሲያከናውኑ ማጣሪያውና የክሎሪኑ ሥራ ተቋርጦ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ሳያውቀው የታይፎይድ ተሐዋስያን ተሸካሚ ስለ ነበረ 43 ሰዎች ሞቱ። በድኻ አገር የተፈጸመ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በዋግ ኽምራ ጉዳዩ ከተቅማጥ የሚያልፍ ነው። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ያወጀውና ሰቆጣ ስሟን የሰጠችው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የተገባ ነው። ሕፃን ደጋግሞ ተቅማጥ ሲይዘው፣ የበላው ምግብ መልካም ቢሆንም እንኳ አንጀቱ አይቀበለውም፤ ቁመቱም ይቀራል። ስለዚህ የጤፍና የእንቁላል ትምህርት ከጀሪካን ትምህርት ሊነጠል አይችልም።

እንግዲህ ውኃው በተመለሰ ቀን ምን ይደረግ? መጀመሪያ የሚወርደውን የደፈረሰ ውኃ ለመጠጥ አትቅዱ፤ ለወለል ማጠቢያና ለመጸዳጃ ቤት ግን ይጠቅማልና በባልዲ ተቀበሉት። ጠርቶ ከወረደ በኋላም ቢሆን ለዚያ ቀንና ለማግሥቱ የሚጠጣውን አክሙት። ማፍላት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ መቈየት ይኖርበታል። እንጨት በተወደደበት በዋግ ምድር ይህን በየቀኑ ማድረግ ለብዙ ቤት ከባድ መሆኑን አልሰውርም። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የውኃ ማከሚያ ክሎሪን ይቀላል፤ መጠኑን በጠርሙሱ ላይ እንደ ተጻፈው አድርጎ ለ20 ሊትር ጀሪካን መጨመርና 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውኃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድሞ አሳድሮ በንጹሕ ነጠላ ማጥለል ያስፈልጋል፤ እድፉ የክሎሪኑን ኃይል ይበላዋልና።

ጀሪካኑ ራሱስ? አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ አይገባበትም፤ በውስጡ የሚያድገውን አተላ ማንም አያየውም። ጥቂት ጠጠርና የሳሙና ውኃ ጨምሮ በብርቱ መነቅነቅ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ ያጸዳዋል። ከእንስራ በጣሳ መጥለቅ ግን እጅን ከነእድፉ ማጥለቅ ስለ ሆነ አፍስሶ መቅዳት ይሻላል።

ኮሌጅና ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ የኪራይ ክፍሎች በየግቢው ይበዛሉ። አሥር ወጣቶች በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ሲጠቀሙ፣ ውኃ የጠፋ ዕለት እጅ መታጠብ ከሁሉ በፊት የሚቀር ነገር ነው። ለዚህ ወጪ የማይጠይቅ ብልሃት አለ፤ የአንድን ጀሪካን ክዳን በሚስማር በስቶ በዘንበልታ የሚወርድ ጠብታ ማበጀት ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ብዙ ሰው ይታጠባል። ሳሙናውን በገመድ ማሰር መዘንጋት የለበትም፤ ያልታሰረ ሳሙና በተማሪ ቤት አይከርምም።

መምህራን ከዚህ አልፈው የሚሠሩት አለ። በዋግ ክረምቱ አጭር ነው፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ገደማ ያልተያዘ ውኃ ወደ ጸላሪና ወደ ተከዜ ይወርዳል። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድበት 2,000 ሊትር ይቀበላል። ከዚያ ውስጥ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 1,600 ሊትር፣ ይኸውም 80 ጀሪካን፣ ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ለእጅ መታጠቢያና ለመጸዳጃ ንጽሕና ይቀመጣል፤ ለመጠጥ የሚሆነው ግን እንደ ቧንቧው ይታከማል። አሸንዳውና በርሜሉ ግን በግንቦት ወር ተሰቅለው ሊያድሩ ይገባል።