ማይኩን ያልከፈተችው ተጫዋች፦ ሴቶች በኦንላይን ጌም ውስጥ ለምን አይሰሙም?



ከዒሻ ሶላት በኋላ ዋይፋይ የሚደርስባቸውን የግቢያችንን ጥጎች ብንዞር፣ ስልኩን አግድም ይዞ ኢርፎን የሰካ ተማሪ አናጣም። አንዱ ፐብጂ ላይ ነው፣ ሌላው ፍሪ ፋየር ላይ። ከእነዚህ ተጫዋቾች ውስጥ ሴቶች ስንት ናቸው ብንባል አብዛኞቻችን ብዙ ሳናስብ "የሉም" እንላለን፤ በዛ ቢባል "አንድ ሁለት ቢኖሩ ነው" እንላለን። ለዚህ መልሳችን ማስረጃችን ድምፃቸውን አለመስማታችን ብቻ ነው። ድምፅ አለመሰማቱ ግን ሰው የለም ማለት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ሴቶች በኦንላይን ጌም ውስጥ እያሉ እንደሌሉ የሚቆጠሩበትን ምክንያትና እኛ በዚህ ውስጥ ያለንን ድርሻ እንመለከታለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ጌም መጫወት ምን ያህል ይፈቀዳል፣ የትኛው ዓይነትስ የሚለው ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። እዚህ የምናነሳው ሰዎች ጌም ውስጥ ገብተው እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚሆነውን ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የአሜሪካው ፒው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ከአሜሪካ አዋቂዎች መካከል ከወንዶቹ 50 ከመቶ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 48 ከመቶ የቪዲዮ ጌም እንደሚጫወቱ ተናግረዋል። ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ጥናት ግን 60 ከመቶ የሚሆኑት ሰዎች አብዛኞቹ ተጫዋቾች ወንዶች እንደሆኑ ያምናሉ። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ራሳቸው ጌም ከሚጫወቱት ሴቶች መካከልም 57 ከመቶዎቹ ይህንኑ ማመናቸው ነው። እያንዳንዷ ራሷን ከሌሎች የተለየች አድርጋ ትቆጥራለች ማለት ነው። "ጌመር ነኝ" ብለው ራሳቸውን የሚጠሩትም ከወንዶቹ 15 ከመቶ ሲሆኑ ከሴቶቹ 6 ከመቶ ብቻ ናቸው።

በእርግጥ ጌም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስልክ ላይ የእንቆቅልሽ ጌም የሚጫወት ሰውና በቡድን ተኩስ ውስጥ የሚገባ ሰው እኩል አይታዩም። ጥናቱም የአሜሪካን እንጂ የእኛን ግቢ አይናገርም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል፦ የሚታየው ቁጥርና እውነተኛው ቁጥር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ልዩነቱም ራሳቸውን ተጫዋቾቹን ሊያሳስት ይችላል።

ሴቶች ለጌም አዲስ መጦችም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን ፓክማን የሠራው ጃፓናዊው ቶሩ ኢዋታኒ፣ ወንዶች ብቻ የሚሞሏቸው የጌም ቤቶች ሴቶችንም እንዲስቡ አስቦ ነበር። አሜሪካዊቷ ካሮል ሾው ደግሞ ሪቨር ሬይድ የተባለውን ዝነኛ ጌም እ.ኤ.አ. በ1982 ፕሮግራም አድርጋ ለገበያ አብቅታለች። ጌም "የወንድ ዕቃ" ነው የሚለው አስተሳሰብ ከጊዜ ጋር የተሠራ እንጂ ከጌም ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም።

ድምፅ ሲሰማ ምን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን ጥያቄ በቀላል ዘዴ ፈትኖታል። ተመራማሪዎቹ ሄሎ 3 በተባለው የተኩስ ጌም ውስጥ ገብተው ተጫወቱ። ማንንም የማያስቀይሙ፣ አስቀድመው የተቀዱ ተራ አባባሎችን አንዳንዴ በወንድ ድምፅ፣ አንዳንዴ በሴት ድምፅ አሰሙ፤ አንዳንዴም ምንም ሳይናገሩ ተጫወቱ። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ የተለየው ድምፁ ብቻ ነው። የሴቷ ድምፅ የደረሰበት መጥፎ አስተያየት የወንዱ ድምፅ ወይም ዝምታው ከደረሰበት ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

ይህን ውጤት ቆም ብለን እናስበው። "የሚሰደቡት እኮ ስለማይችሉ ነው" ወይም "ራሳቸው ነገር ስለሚጀምሩ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ግን ነገር የጀመረ የለም። ሰላምታ በሴት ድምፅ መነገሩ ብቻ በቂ ሆኗል።

ማን ነው የሚሳደበው?

ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ሄሎ 3 ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተሳዳቢዎቹ እነማን እንደሆኑ መረመረ። በሴቷ ድምፅ ላይ ይበልጥ የከፉት ዝቅተኛ ችሎታ ያላቸው ተጫዋቾች ነበሩ። የተሻለ ችሎታ ያላቸው ወንዶች ለሴቷ ድምፅ ይበልጥ መልካም ነበሩ። እነዚያው ደካማ ተጫዋቾች የወንድ ድምፅ ሲሰሙ ግን ለዘብ ይሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ያብራሩት በደረጃ ፉክክር ነው፦ በሴት መበለጥ ውርደት መስሎ የሚታየው ሰው፣ ቦታው የተነካበት ሲመስለው በምላሱ ሊያስመልሰው ይሞክራል።

በዚህ ላይ የኦንላይን ጌም አሠራር ይጨመርበታል። ስሙ እውነተኛ አይደለም፤ ፊቱ አይታይም። ጨዋታው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልቃል፤ የሰደባትን ልጅ ዳግም ላያገኛት ይችላል። በሰፈሩ፣ በመስጂዱ ወይም በክፍሉ ቢሆን የማይናገረውን እዚያ ይናገራል፤ ምክንያቱም ዐይቶት "ተው" የሚለው ሰው የለም ብሎ ያስባል።

ማስመስከር ያለባት ማን ነች?

እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ ኮሪያ የሆነውን እንመልከት። ጌጉሪ በሚል የጌም ስም የምትታወቀው ኪም ሴ-ዮን ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። ኦቨርዋች በተባለው ጌም ዒላማዋ እጅግ የተሳካ ስለነበር፣ ተጋጣሚዎቿ ዒላማ የሚያስተካክል ሕገወጥ ፕሮግራም ትጠቀማለች ብለው ከሰሷት። ዛቻም ደረሰባት። የጌሙ ባለቤት ኩባንያ አለማጭበርበሯን አረጋገጠ፤ እርሷም ካሜራ ባለበት ተቀምጣ በቀጥታ ሥርጭት ተጫውታ አሳየች። ከከሳሾቿ ሁለቱ ከውድድሩ ዓለም ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሻንግሃይ ድራገንስ የተባለውን ቡድን ስትቀላቀል፣ በኦቨርዋች ሊግ የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች።

ጎበዝ ወንድ ተጫዋችም በማጭበርበር ሊጠረጠር ይችላል፤ ክሱ በጾታዋ ብቻ የመጣ ነው አንልም። ነገር ግን አንዲት ልጅ በሙያዋ ለመታመን በካሜራ ፊት ቁጭ ብላ ማስመስከር ካስፈለጋት፣ ይህን ያየች ሌላ ልጅ ችሎታዋን ለማሳየት ሁለት ጊዜ እንደምታስብ ግልጽ ነው።

የጡንቻም የፍጥነትም ጉዳይ ባልሆነበት የካርታ ጌም እንኳ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቻይናዊቷ ሊ ሺያውሜንግ የሃርትስቶንን የዓለም ፍጻሜ በካሊፎርኒያ አሸነፈች። ዋንጫውን ከወሰደች በኋላ የተናገረችው፣ ከዚያ በፊት ለአንድ ውድድር ተሰልፋ ሳለ አንድ ሰው ሴት ከሆንሽ እዚህ ሰልፍ ውስጥ መቆም አያስፈልግሽም እንዳላት ነበር። ሰልፉን ትታ ብትሄድ ኖሮ የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ማንም አያውቃትም ነበር።

የመደበቅ ዋጋ

ብዙዎቹ ታዲያ የሚመርጡት መደበቅን ነው። ሌኖቮና ሪች3 የተባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ፣ በቻይናና በጀርመን ያሉ ሴት ተጫዋቾችን ጠይቀው ነበር። 59 ከመቶዎቹ ጭቅጭቅ ለማስቀረት ጾታቸውን የማይገልጽ ወይም የወንድ ስም ይዘው እንደሚጫወቱ ተናግረዋል።

መደበቅ ለጊዜው ሰላም ይሰጣል፤ ዋጋ ግን አለው። ፐብጂን ለምሳሌ እንውሰድ። እስከ 100 የሚደርሱ ተጫዋቾች ደሴት ላይ ይወርዳሉ፤ በስኳድ ሲሆን አራት አራት ሆነው ይዋጋሉ። በስኳድ የሚያሸንፈው አንድ ጎበዝ ተኳሽ ሳይሆን የሚነጋገር ቡድን ነው። "ከዛፉ ጀርባ አለ"፣ "ጥይት ጨርሻለሁ"፣ "ወደ ክቡ ግቡ" መባል አለበት። ማይኳን የዘጋች ልጅ ጠላትን ብታየውም ለጓደኞቿ መንገር አትችልም። ጽፋ ልታስረዳ ስትል ትመታለች። ቡድኑ ይሸነፋል።

ሴት መሆኗ በሌላ መንገድ ከታወቀ ደግሞ "አላልኳችሁም? ሴቶች አይችሉም" ይባላል። ስድቡ ዝም ያሰኛታል፤ ዝምታው ያዳክማታል፤ ድካሟ ለስድቡ ማስረጃ ይሆናል። ጥሩ ከተጫወተች ደግሞ ማንም ሴት መሆኗን ስለማያውቅ ወንድ ተብላ ትቆጠራለች። ሽንፈቷ በሴቶች ስም ሲመዘገብ ድሏ በወንዶች ስም ይመዘገባል። "ሴት ተጫዋች የለችም" የሚለው እምነት በየቀኑ የሚታደሰው በዚህ መንገድ ነው። አዲስ የምትገባዋም ልጅ ብቻዋን የሆነች ይመስላታል።

የተለየ መድረክ መፍትሔ ይሆናል?

አንዱ መልስ ለሴቶች የራሳቸውን ቦታ ማዘጋጀት ነው። በሪያድ እ.ኤ.አ. በ2012 በታስኒም ሳሊምና በጓደኞቿ የተጀመረው ጂኮን ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ የጌም ጉባኤ ነበር። ለየብቻ የሚጫወቱ የነበሩ ሳዑዲያውያት አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ፣ ብዙ መሆናቸውን በዐይናቸው አዩ። ራያት ጌምስ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2021 በቫሎራንት ጌም ለሴቶች የሚሆን ጌም ቼንጀርስ የተባለ የውድድር መስመር ጀመረ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2022 በርሊን ላይ ተካሂዷል።

ይህ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ሰው ሳይሰደብ ልምድ ያገኛል። ነገር ግን የተለየ መድረክ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሪያድ በተካሄደው የኢስፖርትስ የዓለም ዋንጫ፣ ሞባይል ሌጀንድስ በተባለው አንድ ጌም ዋናው ውድድር 3 ሚሊዮን ዶላር ሲመደብለት ለሴቶቹ ውድድር የተመደበው 500 ሺህ ዶላር ነበር። ደግሞም አብዛኛው ሰው የሚጫወተው በውድድር መድረክ ላይ ሳይሆን በየማታው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። እዚያ ያለውን የሚቀይረው አዘጋጅ ኮሚቴ ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ ነው።

እኛስ?

በመጀመሪያ፣ ስድብ ጌም ውስጥ ስለተነገረ ስድብነቱ አይቀርም። ምላሳችን ላይ ያለብን ኃላፊነት በውሸት ስም ስንገባ አይነሳልንም። በማይክ የተነገረውም በጣት የተጻፈውም የእኛው ንግግር ነው።

ሁለተኛ፣ ችግሩ ስድብ ብቻ አይደለም። ድምፅዋ እንደተሰማ ስሟን፣ የት እንደምትማርና የቴሌግራም አድራሻዋን መጠየቅም እንዲሁ ያባርራታል። ከመጠን ያለፈ ሙገሳም ቢሆን ከጨዋታው አውጥቶ መታያ ያደርጋታል። የገባችው ለመጫወት ነው።

ሦስተኛ፣ በእኛ መካከል የሚታይ ሌላ መልክ አለ፤ ይኸውም "አንቺ ሙስሊም አይደለሽም እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" እያሉ በማያውቋቸው ሰዎች ፊት ማሸማቀቅ ነው። ተናጋሪው ራሱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጌም ውስጥ መሆኑን ይረሳል። ነሲሓ በስውርና በርኅራኄ የሚሰጥ ነው፤ በሰው ፊት የሚወረወር ከሆነ ስሙ ሌላ ነው።

አራተኛ፣ እህቶቻችን ማይካቸውን መዝጋት ወይም ድምፃቸውን ማንም እንዳይሰማ መፈለግ መብታቸው ነው፤ በሐያእ የመረጠችውም ልትከበር ይገባል። ነገር ግን በምርጫ ዝም ማለትና በፍርሃት ዝም መባል አንድ አይደሉም። የምትሳደበውን ሰው ሚውት፣ ብሎክና ሪፖርት ማድረግ እንደ ድክመት አይታይ። ከምታውቂያቸው እህቶች ጋር የራሳችሁን ስኳድ መሥራትም ይቻላል፤ ቢያንስ ብቻሽን አለመሆንሽን ታውቂያለሽ።

የመጨረሻው ምናልባት ከሁሉም ቀላሉ ነው። በስኳድ ውስጥ አንዱ ሲሳደብ ሁለቱ ዝም ይላሉ። ዝም ያሉት ሁለቱ ባይስማሙም እርሷ የምትሰማው ሦስት ሰው እንደተስማማ ነው። "ተው፣ ወደ ጨዋታው እንመለስ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ትሰብራለች። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ጥበቃና ጀግንነት ማሳየትም አያስፈልግም። አንዲት ተጫዋች "በግራ በኩል ሁለት ሰው አለ" ስትል የሚገባት መልስ "አየኋቸው፣ ሸፍኚኝ" የሚለው ነው።