«ሕይወት» እና «ጤና»፦ የሁለት ቃላት ርቀት በምን ይለካል?

ጽንስን ስለማቋረጥ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የሚያጠነጥነው የሰው ሕይወት የሚጀምረው መቼ ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ የሃይማኖት፣ የፍልስፍናና የሕሊና ጥያቄ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ አናነሣውም፤ ሚዛንና ሰዓት ይዘንም ልንፈታው አንችልም። ነገር ግን ከዚሁ ክርክር ውስጥ አንድ ጠበብ ያለ ጥያቄ አለ። አብዛኞቹ ተከራካሪዎች፣ በሌላው ሁሉ ቢለያዩም እንኳ፣ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሐኪም ቆሞ ማየት እንደሌለበት ይስማማሉ። ልዩነታቸው የሚሰፋው «ጤናዋ አደጋ ላይ ሲወድቅስ?» ሲባል ነው። አንዳንድ ሕጎችም በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ድንበር አስምረዋል። ለመሆኑ ይህ ድንበር በተፈጥሮ ውስጥ ይገኛልን? ቢገኝስ በምን ይለካል? ጥያቄው የመለካት ጥያቄ ነውና የፊዚክስ ሰዎችንም ይመለከታል።

ድንበሩን ያሰመረች አገር

ለዚህ ጥያቄ ከአየርላንድ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የአየርላንድ ሕዝብ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1983 በሰጠው ሕዝበ ውሳኔ፣ በ67 በመቶ ገደማ የድጋፍ ድምፅ፣ ያልተወለደው ልጅና የእናቱ በሕይወት የመኖር መብት እኩል መሆኑን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አሰፈረ። ይህም ስምንተኛው ማሻሻያ በመባል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ተደፍራ ያረገዘችና ራሷን ለማጥፋት የተቃረበች የ14 ዓመት ልጃገረድ ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ እርግዝናን ማቋረጥ የሚፈቀደው በእናቲቱ ሕይወት ላይ እውነተኛና ተጨባጭ አደጋ ሲኖርና አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ሲሆን ነው ሲል ወሰነ። አደጋው በሕይወት ላይ እንጂ በጤና ላይ የሆነ እንደማይበቃም በግልጽ ለየ።

በወረቀት ላይ ሲነበብ ይህ መለያ የጠራ ይመስላል። በሕሙማን መኝታ ክፍል ውስጥ ምን መልክ እንደነበረው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ታየ።

በጎልዌይ የሆነው

ሳቪታ ሃላፓናቫር የ31 ዓመት የጥርስ ሐኪም ስትሆን የ17 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች። እሑድ ኦክቶበር 21 ቀን 2012 በጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተኛች፤ ጽንሱ መውረዱ እንደማይቀርም ተነገራት። ሰኞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። እርግዝናው እንዲቋረጥላት ብትጠይቅም የጽንሱ ልብ ገና በመምታት ላይ ስለነበረ ጥያቄዋ ተቀባይነት አላገኘም። ረቡዕ ኦክቶበር 24 ቀን ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ መሠራጨቱ ታወቀ፤ በዚያው ዕለትም ጽንሱ ሞቶ ወጣ። እርሷም እሑድ ኦክቶበር 28 ቀን አረፈች።

በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ወር በተካሄደው የአሟሟት ምርመራ ላይ የደብሊን ብሔራዊ የወሊድ ሆስፒታል የቀድሞ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ፒተር ቦይላን የሰጡት ምስክርነት የጉዳዩን እምብርት ያሳያል። እርሳቸው እንዳስረዱት፣ እርግዝናው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቢቋረጥ ኖሮ በሕይወት የመትረፍ ዕድሏ ያመዝን ነበር፤ ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ሕይወቷ ገና ተጨባጭ አደጋ ላይ ስላልነበረ ሕጉ አይፈቅድም። ረቡዕ ሕጉ የሚጠይቀው አደጋ ሲመጣ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር።

ስምንተኛውን ማሻሻያ የሚደግፉ ወገኖች ያነሡትን መከራከሪያም በሚገባ ማየት ያሻል። እነርሱ እንደሚሉት ጥፋቱ የሕጉ ሳይሆን የክትትሉ ነበር። ይፋ የሆኑት የምርመራ ሪፖርቶችም በዚህ ረገድ ድጋፍ ይሰጧቸዋል፦ ስትተኛ በተወሰደው ደም ላይ የታየው የነጭ የደም ሴሎች መብዛት ክትትል አልተደረገበትም፤ የሙቀትና የልብ ምት ልኬትም በሚገባው ድግግሞሽ አልተወሰደም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በጁን 2013 የወጣው ሪፖርት የሕጉ አተረጓጎም ራሱ በሐኪሞቹ ውሳኔ ላይ ጉልህ ተጽዕኖ እንደነበረው ጨምሮ ገልጿል። በእኛ አስተያየት ሁለቱ ምክንያቶች ተቃራኒዎች አይደሉም። ሐኪሙ እስኪሻገር የሚጠብቀው መስመር ካለ የልኬቱ ጥራት ወሳኝ ይሆናል፤ ልኬቱ በጥቂት ሰዓታት ቢዘገይ መስመሩ ከኋላ ይቀራል።

መስመሩ ለምን ዘግይቶ ይታያል?

የባክቴርያን መራባት እንውሰድ። ሳቪታን ለሞት ያበቃት ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴርያ በቤተ ሙከራ፣ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ በእጥፍ ይባዛል። በሰውነት ውስጥ መከላከያችን ስለሚያዘገየው፣ ለምሳሌ ያህል በየሰዓቱ በእጥፍ ይባዛል ብለን እናስብ። ከ10 ሰዓት በኋላ አንዱ ባክቴርያ 1,024 ይሆናል፤ ከ20 ሰዓት በኋላ ግን 1,048,576 ይደርሳል። ይህን ቁጥር ገዳይ መጠን ብንለው፣ በ16ኛው ሰዓት ላይ የነበረው የዚህ አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነበር። በ19ኛው ሰዓት እንኳ ገና ግማሽ ነው። አብዛኛው ዕድገት የሚከናወነው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው ማለት ነው። ግማሹን መንገድ እስኪሄድ የጠበቀ ሰው ግማሽ ጊዜ የቀረው ይመስለዋል፤ የቀረው ግን አንድ ሰዓት ነው። በእርግጥ የሰው ሰውነት ከዚህ ቀላል ሞዴል እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ የጥምዝ መስመሩ ጠባይ ግን ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ሰውነት አደጋውን የመሸፈን ችሎታ አለው። ኢንፌክሽን ሲበረታ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ልብ ምቱን በማፍጠን የደም ግፊቱ እንዳይወርድ ይከላከላል። በተለይ ወጣትና ጤናማ በሆነች ሴት ላይ ይህ ማካካሻ ለረዥም ጊዜ ሊጸና ይችላል። አቅሙ ሲያልቅ ግን ግፊቱ በድንገት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ «ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው» ብሎ ማንም የሚመሰክርለት ምልክት ብዙ ጊዜ ከምልክቶች ሁሉ የመጨረሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ የደም ግፊታቸው በኢንፌክሽን ምክንያት በወረደ ሕሙማን ላይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ፀረ ባክቴርያ መድኃኒት በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት በሕይወት የመትረፍ ዕድል በአማካይ በ7.6 በመቶ ቀንሷል።

ሁለተኛ ምሳሌ፦ የጠበበ የልብ ቫልቭ

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃ አንድ የልብ ሕመም አለ፤ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ ሕመም በልብ ግራ ክፍል የሚገኘውን ቫልቭ ሊያጠብብ ይችላል። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ የሚጠይቀው የግፊት ልዩነት ከፍሰቱ መጠን ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን ከፊዚክስ እናውቃለን። በእርግዝና ጊዜ ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። 40 በመቶ ብንወስድ፣ 1.4 በ1.4 ሲባዛ 1.96 ነው፤ ማለትም በቫልቩ ላይ ያለው የግፊት ልዩነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ልብ ሲፈጥን ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር ጭነቱ ከዚህም ይብሳል። ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለስና ሳንባው ውሃ መቋጠር ይጀምራል። ከእርግዝናዋ በፊት ደረጃ ስትወጣ ጥቂት ድካም ብቻ ይሰማት የነበረች ሴት በ6ኛው ወይም በ7ኛው ወር ትንፋሽ ሊያጥራት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህች ሴት አደጋ ላይ የወደቀው ጤናዋ ነው ወይስ ሕይወቷ? መልሱ በስንተኛው ሳምንት እንደጠየቅን ይለያያል። ይህን ስንል እንዲህ ያለ እርግዝና ሁሉ መቋረጥ አለበት ማለታችን አይደለም፤ በመድኃኒትና ቫልቩን በማስፋት ብዙ እናቶች በሰላም ይገላገላሉ። ልናሳይ የፈለግነው ከጤና መታወክ ወደ ሞት የሚወስደው መንገድ አጥር የሌለበት ቁልቁለት መሆኑን ነው።

በአገራችን ሕግ

የኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ማስቀመጥ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ላይ የሚደርስን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ ከባድና ዘላቂ አደጋ ለማስቀረት የሚደረግን ማቋረጥ አይቀጣም ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ አንድ ጉዳት «ዘላቂ» መሆኑ በርግጠኝነት የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ሊናገር የሚችለው የመሆን ዕድሉን ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርሕ ደረጃ ወንጀል አድርጎ ቢያቆየውም፣ በአንቀጽ 551 ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች መካከል የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቁ አንዱ ነው፤ «ዘላቂ» የሚለውንም መስፈርት አስቀርቷል።

የሁለት ስሕተቶች ምርጫ

«ጤና» የሚለው ቃል መስፋቱን የሚቃወሙ ወገኖች ያላቸው ሥጋት ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤናን የተረጎመው የተሟላ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት አድርጎ ነው፤ ይህ ፍቺ ወደ ሕግ ከገባ የማያቅፈው ነገር ጥቂት ይሆናል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው ሕግ መሠረት የሚፈጸመው ጽንስ ማቋረጥ እጅግ አብዛኛው የሚመዘገበው በጤና ምክንያት መሆኑን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ።

ማንኛውም አደጋ ጠቋሚ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል፦ አደጋ ሳይኖር ይጮኻል፣ ወይም አደጋ እያለ ዝም ይላል። የመሣሪያውን ጥራት ሳናሻሽል መነሻ መስመሩን ብቻ ዝቅ ብናደርግ የመጀመሪያው ይበዛል፤ ከፍ ብናደርግ ሁለተኛው። ሕግም እንዲሁ ነው። ጤናን ጨምሮ የሚያይ ሕግ ሊቀጥሉ ይችሉ የነበሩ እርግዝናዎች እንዲቋረጡ በር ሊከፍት ይችላል፤ ሕይወትን ብቻ የሚያይ ሕግ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ እናቶችን ሊያሳልፍ ይችላል። የአየርላንድ ሕዝብ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2018 በ66.4 በመቶ ድምፅ ስምንተኛውን ማሻሻያ ሽሯል። ከ2019 መባቻ ጀምሮ የሚሠራው ሕግም እስከ 12ኛው ሳምንት ማቋረጥን የሚፈቅድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለሕይወት ከሚያሰጋ አደጋ ጎን በጤና ላይ የሚደርስን ብርቱ ጉዳትም መስፈርት አድርጓል።

ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው እንደሚከብድ ፊዚክስ አይነግረንም፤ ይህን የሚመዝነው ኅብረተሰቡ ነው። ሳይንስ ሊል የሚችለው ይህን ያህል ነው፦ ከሁለቱም ስሕተት ነፃ የሆነ መስመር የለም። እንግዲህ «ሕይወት ብቻ» የሚል ሕግ የሚደግፍም ሆነ የሚቃወም ሰው ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ አደጋውን ማን፣ በየስንት ሰዓቱ ይለካዋል? ስንት በመቶ ሲሆንስ በቃ ይባላል? ሕግ አውጪው ይህን ሳይመልስ ካለፈው፣ መልሱን በሌሊት ተረኛው ሐኪም ብቻውን እንዲፈልገው ይገደዳል፤ ሕመምተኛዋ ደግሞ ትጠብቃለች።