በራሪው ስኮትላንዳዊና ጠባቡ መተላለፊያ

በአማርኛችን «ባቡር» የሚለው ቃል የተሸከመው ብዙ ነው፤ በሐዲድ ላይ ተቀጣጥለው የሚሄዱትን ፉርጎዎች በጠቅላላው ባቡር እንላቸዋለን፤ ከፊት ሆኖ የሚጎትታቸውን ሎኮሞቲቭ ባቡር እንለዋለን፤ እህል የሚፈጭልን ወፍጮም ባቡር ነው። ቃሉ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ትርጓሜው እንፋሎት ስለ ነበረ፣ አባቶቻችን በእንፋሎት የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ፍላይንግ ስኮትስማን፣ ማለት «በራሪው ስኮትላንዳዊ»፣ የተባለውን የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ለማስተዋወቅ የሚነሣ ጸሐፊ ሎኮሞቲቩን ከባቡሩ ሳይለይ ቢጀምር ገና ከደጁ ይሰናከላል። በዚህም ስሕተት የሚወድቁት እኛ ብቻ አይደለንም፤ ለየብቻ ቃል ያላቸው እንግሊዞችም ይወድቁበታል።

ስሙ አስቀድሞ የሎኮሞቲቩ አልነበረም። ከ1862 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከጧቱ በ4 ሰዓት ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ኤድንብራ የሚገሠግሥ የመንገደኞች ባቡር ነበረ፤ በራሪው ስኮትላንዳዊ የሚለውን ስም ሕዝቡ ያወጣው ለዚሁ ጉዞ ነው። ሎኮሞቲቩ ግን በናይጅል ግሬዝሊ ንድፍ በዶንካስተር ተሠርቶ የወጣው በ1923 ሲሆን፣ ያን ጊዜ 1472 ከሚል ቁጥር በቀር ስም አልነበረውም፤ በማግሥቱ ዓመት በዌምብሌ ለተከፈተው የብሪታንያ ግዛት ኤግዚቢሽን ሲሰናዳ ነው የባቡሩን ስም ወርሶ 4472 የተባለው። እንግዲህ ይህ ሎኮሞቲቭ በ1862 ተሠራ ብሎ የሚጽፍ ሰው የልጅን ልደት በአያቱ ልደት የሚመዘግብ ነውና፣ ጽሑፉን ከማተሙ በፊት ቢያርም መልካም ነው።

አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከሰል ይነድዳል፣ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ መንኰራኵሩ ይዞራል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ግን ተመልካች ዘወር ብሎ የማያየው ተንደሩ፣ ማለት ከሎኮሞቲቩ ኋላ የተቀጠለው የከሰልና የውሃ መጫኛ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወደ ስኮትላንድ የሚሄዱት የምሥራቁና የምዕራቡ መስመር ኩባንያዎች በ1895 ለአደጋ በሚያሰጋ ሽቅድምድም ከተፈታተኑ በኋላ፣ ከለንደን እስከ ኤድንብራ ያለውን ጉዞ ከ8 ሰዓት ከሩብ ባነሰ ጊዜ ላለመጨረስ ተስማምተው ነበረ። ፍጥነት እንዲህ በውል ታስሮ ሳለ ለተፎካካሪ የቀረው ክብር አለመቆም ብቻ ነበረ፤ 392 ማይል፣ ማለት 631 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ጣቢያ ሳይረግጡ መሄድ። ውሃው መላ ነበረው፤ በሐዲዱ መካከል በተዘረጉ ረጃጅም ገንዳዎች ላይ ሲያልፉ ከተንደሩ ሥር መቅጃ ዝቅ ይደረግና እየሮጡ ይቀዱ ነበረ። ሰው ግን ገንዳ የለውም፤ ነጂውና ከሰል አንዳጁ በዚያ ግለትና ንዝረት መካከል ስምንት ሰዓት ሙሉ መሥራት አይችሉም።

ግሬዝሊም በተንደሩ ጎን 46 ሳንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው መተላለፊያ አበጀ፤ ልኩንም በቤቱ ሳለ የምግብ ወንበሮችን ከግድግዳ ትይዩ ደርድሮ በመካከላቸው በመሽሎክ ሞከረው ይባላል። ተተኪዎቹ ነጂና አንዳጅ በፊተኛው ፉርጎ ያርፉና፣ ጉዞው ሲጋመስ ባቡሩ እየበረረ ጎንበስ ብለው በዚያ ቀጭን መንገድ ያልፉ ነበረ። በሜይ 1 ቀን 1928 ሎኮሞቲቩ በዚህ ዘዴ ሳይቆም ኤድንብራ ገባ። ሰዎች የሚያወሩለት በ1934 በሰዓት 100 ማይል መሮጡን ነው፤ ይህም ለእንግሊዝ ባቡር በይፋ የተመሰከረ የመጀመሪያው ነውና አላናንቀውም፤ ቢሆንም የደከመን ሠራተኛ ያሰበ ያ ጠባብ መንገድ በእኔ ዘንድ ይበልጣል።

ከ2 ሚሊዮን ማይል በላይ አገልግሎ በጃንዋሪ 1963 ከሥራ ሲሰናበት፣ ወገኖቹ ሁሉ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጡ፣ አላን ፔግለር የተባለ ባለጸጋ በ3,000 ፓውንድ ገዝቶ አዳነው። የውሃ ገንዳዎቹ ከየመስመሩ እየተነቀሉ ነበርና፣ ለውሃ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ተንደር ቀጠለለት። በ1969 ወደ አሜሪካ ወሰደው፤ በዚያ ጉዞ ሰበብ ግን ፔግለር ከሠረ፤ ሎኮሞቲቩን በ1973 ወደ አገሩ የመለሰው ዊልያም ማካልፓይን ነው። በ1989 በአውስትራሊያ 422 ማይል ሳይቆም ተጓዘ። ከ2004 ጀምሮ ንብረትነቱ የዮርክ ብሔራዊ የባቡር ቤተ መዘክር ሲሆን፣ 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በ2016 ወደ መስመር ተመለሰ። በዚያ የደስታ ቀን አንዳንዶች ለፎቶግራፍ ብለው ሐዲዱ ላይ ወጥተው ጉዞውን ማስቆማቸው እጅግ ያሳዝነኛል፤ የሚወዱትን ነገር ለማየት መንገዱን መዝጋት ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

እኔ ያየሁት ዮርክ ቆሞ ሳለ ነው። ለጎብኚ ተፈቅዶ ስለ ነበረ በመተላለፊያው ገባሁ፤ ትከሻዬን አግድሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከመካከሉ ስደርስ ከወዲያ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ገጠመኝ። ለሁለት የሚበቃ ስፍራ የለምና ወደ መጣሁበት ተመልሼ እርሱን አሳለፍሁ። የቀድሞዎቹም እንዲህ ነበሩ፤ ተተኪዎቹ ፈጽመው ወጥተው መዘውሩንና አካፋውን እስኪረከቡ፣ የደከሙት ከእሳቱ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ ነበረ።