የሮም የወርቅ ገንዘብ በሥዕሉ ሲመረመር

በዕቃ ቤት አሮጌ የወርቅ ገንዘብ የተገኘ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ፈጥኖ ወደ ሚዛን ይወስደዋል፤ አንጥረኛውም አቅልጦ ቀለበት ወይም ጉትቻ ያደርገዋል። ወርቁ አይጠፋም፤ ታሪኩ ግን በእሳት ይጠፋል። ስለዚህ ከሚዛኑ አስቀድሞ ሥዕሉን መመልከት ይገባል።

ታላቁ ቆስጠንጢኖስ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሶሊዱስ የሚባለውን ገንዘብ አወጣ። ከአንድ የሮም ነጥር ወርቅ 72 ይመታ ስለ ነበረ የአንዱ ክብደት 4 ግራም ተኩል ያህል ነው። ይህም ልክ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለ ጸና ዘመኑን የሚለየው ሚዛኑ ሳይሆን ሥዕሉ ነው።

መጀመሪያ የንጉሡ ፊት ይታይ። በቆስጠንጢኖስ ገንዘብ ላይ ፊቱ በጎን የተሣለ ነው። በምሥራቁ መንግሥት ግን ከአርቃዴዎስ ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር 395) ንጉሡ አብዛኛውን ጊዜ የራስ ቍር ደፍቶ፥ ጦሩን በትከሻው አድርጎ፥ ፊቱን ጥቂት ወደ ጎን መለስ አድርጎ ይታያል። ዮስጢንያኖስ ከ538 ወዲህ ሙሉ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ መስቀል ያለበትን ሉል በእጁ ይዞ ተሣለ።

ቀጥሎ ጀርባው ይገልበጥ። በዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዘመን የድል ምሳሌ የሆነች ባለ ክንፍ ሴት ረጅም መስቀል ይዛ ቆማለች፤ በዮስጢኖስ ዘመን (518–527) በእርስዋ ፈንታ መልአክ ገባ፤ በዳግማዊ ጢባርዮስ ጊዜ (578–582) ደግሞ በደረጃ ላይ የቆመ መስቀል ብቻውን ተቀረጸ።

ከግርጌው «ኮኖብ» ተብሎ የሚነበበው ጽሕፈት የቁስጥንጥንያን ስምና የወርቁን ንጽሕና ያመለክታል። ነገር ግን የጎት ነገሥታትም በቁስጥንጥንያው ንጉሥ ስም ወርቅ ይመቱ ነበርና ጽሕፈቱን ብቻ ማመን አይገባም፤ የፊደሉ አጣጣልና የፊቱ አሣሣል አብሮ ይመርመር።

ይህ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። በየመን አል መድሃሪባ በተባለ ስፍራ ከ1 ሺህ የሚበልጥ የወርቅ ገንዘብ በአንድነት ተቀብሮ ሲገኝ የሮምና የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ተቀላቅሎ ነበር። የአክሱሙ ከሶሊዱስ ያነሰና የቀለለ ነው፤ በንጉሡም ራስ ግራና ቀኝ ብዙ ጊዜ የስንዴ ዛላ ይታያል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ገንዘብ ያለው ሰው በአሸዋ አይፈትገው፥ ለአንገት ጌጥም አይብሳው። ጠርዙን ይዞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልለው፤ የተገኘበትንም ስፍራ ጽፎ ለዐዋቂ ያሳየው።