ሳይቃጠል በቅጠል፦ የላቦራቶሪ ሠራተኞችን ከናሙና አደጋ መጠበቅ

በአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ እጅ በየቀኑ ብዙ የደም፣ የአክታ፣ የሽንትና የሰገራ ናሙና ያልፋል። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪው የተላከው ምን በሽታ እንዳለበት እንዲታወቅ ነውና፣ ባለሙያው ቱቦውን ሲቀበል በውስጡ ያለውን አያውቅም። የሙያው ቀዳሚ ደንብ ከዚህ ይነሳል፦ የሕፃንም ይሁን የአዋቂ፣ የታመመም ይሁን ጤነኛ የሚመስል ሰው፣ ማንኛውም ናሙና በሽታ እንደሚያስተላልፍ ተቆጥሮ ይያዛል።

ደንቡ በሰዎች ሕይወት የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን በማርቡርግና በፍራንክፈርት፣ በዚያን ጊዜዋ ዩጎዝላቪያ ደግሞ በቤልግሬድ፣ ከኡጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን አካል ለክትባት ሥራ ያዘጋጁ የነበሩ ሠራተኞች ከዚያ በፊት በማይታወቅ በሽታ ተያዙ። ከእነሱ የተላለፈባቸውን ጨምሮ 31 ሰዎች ታመው 7ቱ ሞቱ፤ ቫይረሱም በከተማዋ ስም ማርበርግ ተባለ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ሊባል በተቃረበበት ጊዜ፣ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረችው ጃኔት ፓርከር በዚሁ በሽታ ተይዛ ሞተች። የምትሠራበት ክፍል የፈንጣጣ ቫይረስ ከሚመረመርበት ላቦራቶሪ በላይ ባለው ፎቅ ነበር። ቫይረሱ በምን መንገድ እንደደረሰባት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የያዛት ግን በዚያው ላቦራቶሪ የነበረው ዝርያ ነው። በዓለም በፈንጣጣ የሞተች የመጨረሻዋ ሰው ናሙና በእጇ የማትነካ ሠራተኛ መሆኗ፣ አደጋው በምርመራ ጠረጴዛው ላይ ብቻ እንደማይቀር አሳይቷል።

ተሕዋስያን ወደ ሠራተኛው ሰውነት የሚገቡት በአራት መንገድ ነው፦ በመርፌ በመወጋት ወይም በተሰበረ ጠርሙስ በመቆረጥ፣ ደቃቅ ጠብታ በመተንፈስ፣ ፈሳሽ ወደ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ሲፈናጠቅ፣ እንዲሁም ባልታጠበ እጅ በመብላት። ከእነዚህ ሁሉ የሚያታልለው በዓይን የማይታየው ነው። የቱቦ ክዳን በድንገት ሲነቀል፣ ፒፔት የመጨረሻዋን ጠብታ በኃይል ሲተፋ፣ ሴንትሪፉጅ መሽከርከሩን ሳያቆም ሲከፈት ደቃቅ ጠብታዎች ወደ አየር ይበተናሉ። ባለሙያው ያየውም የተሰማውም ነገር የለም፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ሲይዘው ከየት እንደመጣበት ግራ ይገባዋል። በሴንትሪፉጅ ውስጥ ቱቦ ሲሰበር ማሽኑ ጠፍቶ፣ ክዳኑ ሳይከፈት 30 ደቂቃ የሚቆየው ጠብታው እስኪረጋ ነው።

ብሩሴላ የተባለው ባክቴሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ የሚያውቀው ከብት በማስወረዱ ሲሆን፣ ሰውን የሚይዘው ባልፈላ ወተትና ከታመመ ከብት ጋር በመነካካት ነው። በላቦራቶሪ ግን የበቀለበትን ሳህን ከፍቶ ማሽተት ብቻ ለመታመም ሊበቃ ይችላል።

ላቦራቶሪዎች በሚይዙት ተሕዋሲ አደገኛነት በአራት የጥንቃቄ ደረጃ ይከፈላሉ። አንደኛው ጤነኛ ሰው ለማያሳምሙ፣ ሁለተኛው አብዛኛው የሆስፒታል ምርመራ ለሚሠራባቸው ነው። የቲቢ ባክቴሪያን የሚያበቅል ላቦራቶሪ ሦስተኛው ደረጃ ውስጥ ይገባል። እንደ ኢቦላና ማርበርግ ያሉ ቫይረሶች የሚበቅሉት በአራተኛው ብቻ ነው።

መከላከያው በመሣሪያና በልማድ ላይ ይቆማል። ባለሙያው እጁን አስገብቶ የሚሠራበት ባዮሴፍቲ ካቢኔት አየሩን ወደ ውስጥ እየሳበ፣ 0.3 ማይክሮን የሚያክሉ ብናኞችን ቢያንስ 99.97 በመቶ በሚይዝ ማጣሪያ ያሳልፋል። ይሁን እንጂ ፊት ለፊቱ እጅን ቶሎ ቶሎ ማወናጨፍ ወይም የአየር መተላለፊያውን በዕቃ መዝጋት ፍሰቱን ስለሚያውከው ጥቅሙ ይቀንሳል። ጓንት ካጠለቁ በኋላ ስልክና የበር እጀታ አይነካም፤ ጋውን ለብሶ ወደ ሻይ ክበብ አይኬድም፤ የናሙና ማቀዝቀዣ ምሳ አይቀመጥበትም። ደም የተቀዳበት መርፌ ተመልሶ አይከደንም፤ እንዳለ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይጣላል፣ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸጋል። የባክቴሪያ ሳህኖች ከመጣላቸው በፊት በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ እንፋሎት ይቀቀላሉ። በውኃ የተበጠበጠ በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም በየቀኑ ይዘጋጃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር በስድስት ወር ውስጥ የሚያልቀውን ሦስት ዙር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሊያገኝ ይገባል።

ደም ወለል ላይ ሲፈስ ሰው ይራቅ። ፈሳሹ በወረቀት ወይም በጨርቅ ይሸፈናል፤ በረኪናው ከዳር ወደ መሐል ይፈስበታል፤ በቂ ጊዜ ቆይቶ ይጠረጋል። የጠርሙስ ስብርባሪ ካለ የሚለቀመው ጓንት በለበሰ እጅም ሳይሆን በወረንጦ ነው።

ጥንቃቄው ሁሉ እያለ መርፌ ሊወጋ ይችላል። ያን ጊዜ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ማጠብ ይቀድማል፤ ደሙን ለማስወጣት መጭመቅም ሆነ በረኪና ማፍሰስ ቁስሉን ከመጉዳት በቀር አይረዳም። ዓይን ውስጥ የገባ ፈሳሽ በንጹሕ ውኃ ለበርካታ ደቂቃዎች ይታጠባል። ቀጥሎ ለኃላፊ ይነገራል፤ የናሙናው ባለቤት ከታወቀ ይመረመራል፤ የተወጋው ሠራተኛም መነሻ ምርመራ ይደረግለታል።

የአደጋው መጠን ከበሽታ በሽታ ይለያያል። ኤች አይ ቪ ባለበት ደም ከተወጉ 1,000 ሰዎች በቫይረሱ የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። ሄፓታይተስ ሲ ከ100 ከ2 በታች ይይዛል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተቡ 100 ሰዎች እስከ 30 የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ለሄፓታይተስ ቢ ያልተከተበው ወዲያው ክትባት ይጀምራል፤ እንደሁኔታው ፀረ እንግዳ አካል የያዘ መርፌም ይጨመርለታል። ለሄፓታይተስ ሲ አስቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒት የለም፤ በክትትል ከተገኘ ግን የሚያድን ሕክምና አለ። ለብሩሴላ የተጋለጠ ሰው እንደ ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ያሉ መድኃኒቶችን ለ21 ቀን ወስዶ ለወራት በደም ምርመራ ይከታተላል። ለእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ለተጋለጠ ደግሞ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ክትባት ይሰጠዋል።

ይህ ሁሉ ሕክምና የሚጠቅመው አደጋው ከተነገረ ነው። ብዙ ሠራተኛ ግን ቸልተኛ እባላለሁ፣ ወይም ኤች አይ ቪ ተመርምሬ ወሬ ይወጣብኛል ብሎ ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሎ ሥራውን ይቀጥላል፤ 72ቱ ሰዓትም በዝምታ ያልፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መወጋቱን የደበቀም እንዲሁ። የተቋም ኃላፊዎች ጥፋተኛ ከመፈለግ ይልቅ መድኃኒቱን በሌሊትም በበዓልም ቀን የሚገኝ፣ የሠራተኛውንም ምስጢር የተጠበቀ ያድርጉ። የተወጋ ባለሙያ ደግሞ እጁን ታጥቦ ወዲያው ይናገር።