ደራሽ ውሃ ሳይቀድመን መንገዱን እንወቅ

እንደሚታወቀው የፎገራ ሜዳ ለሩዝና ለከብት የተመቸው ርብና ጉማራ በየክረምቱ ከደጋው ለም አፈር እየጠረጉ ስለሚያመጡለት ነው። ሲሳይ የሚያመጣው ውሃ ግን ከልኩ ሲያልፍ ቤት ያፈርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ ተጥለቅልቀው ብዙ ሕዝብ ከቀዬው መፈናቀሉ ይታወሳል። ታዲያ ነገ ወደ ናበጋም ሆነ ወደ ዋገጠራ ልንመደብ የምንችል እጩ መምህራን ስለ ማምለጫ መንገድ ምን ማወቅ ይገባናል?

አንደኛ፣ የጎርፉን ጠባይ እንረዳ። በአሜሪካ ባሕር ዳርቻ ሃሪኬን የተባለው ማዕበል ከመድረሱ ከቀናት በፊት በሳተላይት ስለሚታይ ሕዝቡ አስቀድሞ በመኪና ይወጣል። የእኛ ጎርፍ እንዲህ ጊዜ አይሰጥም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ የዘነበው ዝናብ 1,800 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሜዳ ሲወርድ ወንዞቹ ደለል በሞላው አልጋቸው አልበቃ ብሏቸው ይገነፍላሉ። ጣናም በክረምት ስለሚሞላ ውሃው ቶሎ መውጫ አያገኝም። ስለዚህ ሜዳው ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሚመረጠው መንገድ አጭሩ ሳይሆን ወንዝ የማያሻግረው ነው። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለ ሰው ወደ ምሥራቅ ወደ ወረታ፣ ከርብ በስተሰሜን ያለው ወደ አዲስ ዘመን፣ ከጉማራ በስተደቡብ ያለው ወደ ሐሙሲት በኩል ወዳለው ከፍታ ያምራ። ጉልበት የደረሰ ፈጣን ውሃ ጎልማሳውን እንኳ ይጥላልና «ትናንት ተሻግሬዋለሁ እኮ» ማለት አያዋጣም።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ይለካ። ተማሪዎች የቀበሌያቸውን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሳሉ፤ የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደሚዋጥ ከእኛ ይልቅ እረኛው ልጅ ያውቃል። ከዚያም ርቀቱ በአሮጊትና በሕፃን እርምጃ ይለካ። በደረቅ 1 ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ዋልካው ሲረጥብ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ የመነሻው ሰዓት አስቀድሞ ይወሰን። ሰው የሚዘገየው መንገድ አጥቶ ብቻ ሳይሆን ከብቱንና የዘር እህሉን ጥሎ መሄድ ስለሚከብደው ነው። እንግዲህ ከብቱ ቀደም ብሎ ወደ ከፍታ፣ ዘሩ ወደ ቆጥ ይውጣ። በወንዙ ዳር ምልክት ያለበት እንጨት ይተከል። ውሃው ምልክቱ ላይ ሲደርስ ወይም ደጋ ያለ ዘመድ ከባድ ዝናብ መጣሉን በስልክ ሲነግር ጡሩምባ ይነፋ፤ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ቀድመው ይነሱ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ የደረሰው በሌሊት ነበር። ስለሆነም ምልክቱ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሰማ ይሁን።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ጎርፉ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መምህሩ ወደ ቤተሰቡ በሄደበት ወቅት ነው። ካርታው በቢሮ መሳቢያ ቢቀመጥ ማንንም አያድንም። እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ ገልብጦ ለወላጆቹ ያስረዳ፤ እኛ በሌለንበት ቀን የሚሠራው ትምህርት እሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሥራው በግንቦት ይጀመር።